ውሻዬን ላስወግደው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአራት ዓመት ውሻዬ ምግብ አልበላ አለ፤ ያስመልሰውም ጀመር። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪም ዘንድ ስወስደው «ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው» ተባልኩ፤ መድኃኒት ጀምሯል። ጎረቤቶቼ ግን «ልጆችህን ሳይጨርስ አስወግደው» ይሉኛል። ባለፈው ወር ደግሞ ላሜ በሰባት ወሯ ጨንግፋለች። ነገሩ ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ አያስወግዱት። እሱም ከሌላ የያዘው በሽተኛ ነው፣ ምናልባትም ከአይጥ። አይጥ የሌፕቶስፓይሮሲስን ባክቴሪያ ኩላሊቷ ውስጥ ይዛ ምንም ሳትሆን ትኖራለች፤ በሸናች ቁጥር ትረጨዋለች። ሽንቱ ያረፈበት ኩሬ ወይም ጭቃ ለሳምንታት ያስተላልፋል። ውሻዎ ከዚያ ጠጥቶ ወይም በተላጠ እግሩ ረግጦት ይሆናል።

ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፉ ቆልመም ያለ ቀጭን ጥምዝ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ስቲምሰን የተባለ ሐኪም በቢጫ ወባ ሞተ በተባለ ሰው ኩላሊት ውስጥ አየው። የጥያቄ ምልክት ስለመሰለው «ኢንተሮጋንስ» (በላቲን «ጠያቂ») አለው። ስሙ ልክ ነው እላለሁ፤ በሽታው ሌላ በሽታ እየመሰለ ያሳስታል። አንድ ውሻ አይረሳኝም። ወገቡን ስነካው ያቃስታል። ተመትቶ ነው ብዬ ስመረምረው ቆየሁና ከንፈሩን ገለጥ አደረግሁ። ድዱ እንደ እርድ ቢጫ ነበር።

አሁን የሚያሰጋዎት የውሻው ሽንት ነው። ልጆቹ አይጠጉት። ደረቅና ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ አስረው ያኑሩት፤ ድርቀት ባክቴሪያውን ቶሎ ይገድለዋል። ሲያጸዱ ጓንትና ቦት ጫማ ያድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጥብጡና ያፍስሱበት። በጎማ ውሃ በኃይል አይርጩ፤ ፍንጣሪው ዓይንና አፍ ይገባል። ዶክሲሳይክሊን ታዞለት ከሆነ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ይጨርስ። ውሻው በአምስተኛው ቀን ሲቦርቅ አይተው መድኃኒቱን የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፤ ባክቴሪያው ግን ኩላሊቱ ውስጥ ተደብቆ ለወራት በሽንቱ ሊወጣ ይችላል። ሌላ ውሻ ካለዎት ደህና ቢመስልም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የላሟን ነገር በፍጹም ችላ አይበሉት። ይህ በሽታ ላም ያስጨነግፋል። ብሩሴላ የሚባል ሌላ ባክቴሪያም ያስጨነግፋል፣ ሌሎችም አሉ፤ ስለዚህ ደሟ ይመርመር። አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ወተቷ በድንገት ቀንሶ ነበር? እንደ እንገር ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ ወይም ደም ነክቶት፣ ግቷ ግን ሳያብጥና ሳይሞቅ ልፍስፍስ ብሎ? እንዲያ ከነበረ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ውጤቱ እስኪመጣ ወተቷን ሳታፈሉ አትጠጡ። በሽታው ከውሻው ወደ ላሟ ወይም ከላሟ ወደ ውሻው ያልተላለፈ ሊሆን ይችላል፤ አንድ የረከሰ ውሃ ሁለቱንም አጠጥቷቸው ሊሆን ይችላል። ያንን ውሃ ይፈልጉ። ከብቶቹ የሚረግጡት ኩሬ ካለ በአጥር ይከልሉት፤ መኖውንም አይጥ ከማይደርስበት ያስቀምጡ።

ከቤተሰቡ ማንም ሰው በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የባት ሕመም ወይም የዓይን መቅላት ከጀመረው ያን ቀኑን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። «ቤታችን ውስጥ በሌፕቶስፓይሮሲስ የታመመ ውሻ አለ» ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ውሻው ሲያገግም በየዓመቱ ያስከትቡት። የላሟን የደም ውጤት ደግሞ እንደደረሰዎት ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።