ፊዚክስ 58 ስላመጣሁ ሶሻል ልግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ቤታችን ዘጌ ነው፣ እኔ ግን ባህር ዳር አክስቴ ጋ ሆኜ ነው ምማረው፣ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነኝ። አባቴ የሞተር ጀልባ አለው፣ ሞተሩ በተበላሸ ቁጥር አብሬው ስፈታ ስገጥም ስላደግኩ ሜካኒካል ኢንጂነር መሆን ነው ምፈልገው። ችግሩ ሒሳብ 81 አምጥቼ ፊዚክስ 58 ሆነብኝ፣ ባዮሎጂማ ጭራሽ አልወደውም። አክስቴ "ፊዚክስ ካልሆነልሽ ሶሻል ግቢ፣ ቢያንስ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ" ትለኛለች፣ ወንድሜ ደግሞ ናቹራል ግቢና ባዮሎጂን ተይው፣ ለኢንጂነሪንግ ምንም አይሰራም ይላል። ማንን ልስማ?
ሞተር ፈቺዋ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ሞተር ፈቺዋ እህቴ፣ የአክስትሽን ነገር ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ዋናው ልግባ። ሶሻል ከገባሽ ኢንጂነሪንግ የለም፣ በቃ። ኋላ ልቀይር ብትዪ ሌሎቹ ሁለት ዓመት የተማሩትን ፊዚክስና ኬሚስትሪ ብቻሽን ከዜሮ ልትጀምሪ ነው። አክስትሽ የተናገረችው ላንቺ አስባ ነው እሱ ይገባኛል፣ ግን አንቺ የጠየቅሽው ዩኒቨርሲቲ ስለመግባት ብቻ አይደለም።

ወንድምሽ ግማሹን ልክ ነው። ሜካኒካል ገብተሽ ስለ ሴል ሚጠይቅሽ የለም። የ12ኛ ክፍል ኢንትራንስ ፈተና ግን ይሄን አያውቅልሽም፣ ናቹራል ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እያንዳንዳቸው ከ100 ተይዘው ድምሩ ከ600 ነው፣ ማለፊያው ደግሞ ግማሹ 300። ባዮሎጂ ላይ የጣልሽውን 40 ነጥብ ፊዚክስ አያበድርሽም። ደግሞ ባዮሎጂ በንባብ ሚመጣ ነጥብ ነው፣ እንዳንቺ ሒሳብ ሚሞክር ልጅ እሱን ሲጥል ሳይ ያናድደኛል። ኬሚስትሪም እንደዛው፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ውስጥ ቴክስታይልና ኬሚካል ሚማሩትን ጠይቂያቸው፣ ጨርቅ ማቅለም ራሱ ኬሚስትሪ ነው።

አሁን 58ቷ። ሒሳብ 81 ያመጣ ልጅ ፊዚክስ 58 ሲያመጣ እኔ መጀመሪያ ምጠረጥረው ፊዚክሱን አይደለም፣ እንግሊዝኛውን ነው። ሒሳብ ላይ x ተሰጥቶሽ ፈልጊ ትባያለሽ፣ ፊዚክስ ግን አራት መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ x የቱ እንደሆነ ራስሽ ፈልገሽ እንድታወጪ ነው ሚፈልገው። ስለዚህ የዘንድሮ ፈተናዎችሽን አውጪና የሳትሻቸውን አንድ በአንድ እዪያቸው፣ ጥያቄውን በአማርኛ ለሆነ ሰው ማስረዳት ካቃተሽ ችግሩ ቋንቋ ነው፣ ማስረዳት ችለሽ ስእሉን መሳልና የቱ ፎርሙላ እንደሚገባ መለየት ካቃተሽ ያው ፊዚክሱ ነው፣ ፎርሙላውን ይዘሽ መሃል ላይ ከጠፋብሽ ደግሞ አልጀብራ ወይ ትሪጎኖሜትሪ ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው እሱ በክረምት ይሞላል። ሦስቱም መድሃኒታቸው ይለያያል፣ ሰው ግን ሁሉንም "ፊዚክስ አይሆንልኝም" ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል።

እኔ ራሴ ሸምዳጅ ነበርኩ። ፎርሙላ በቃሌ ይዤ 12ኛን በጥሩ ውጤት አለፍኩና ግቢ ገብቼ የመጀመሪያው ካልኩለስ ላይ ሰመጥኩ፣ ጥፋቱ የማንም አልነበረም የራሴ ነው። ለዛ ነው 11ኛ ላይ ቬክተርና ማትሪክስ ሲመጣ፣ 12ኛ ላይ ካልኩለስ ሲጀመር ከየት እንደመጣ ሳይገባሽ አትለፊ ምልሽ። ሜካኒካል አምስት ዓመት ነው እነሱን እየመላለሰ ያመጣልሻል።

መሞከሪያ ደግሞ ደጃፍሽ ላይ አለልሽ። የአባትሽ ሞተር 40 ፈረስ ጉልበት ነው እንበል፣ አንድ ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፣ አባዢው፣ ወደ 30 ኪሎ ዋት ይመጣል። ከዛ ትልቁን ሞክሪ። ጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ በኩንዝላ በኩል ከሐይቁ ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወስዶ ወደ 300 ሜትር ቁልቁል ይለቀዋል፣ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት የሆኑ አራት ተርባይኖች አሉት፣ ድምሩ 460። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ውሃ 1000 ኪሎ ነው፣ g ን (የመሬት ስበትን) 10 ብለሽ ያዥና mgh (ማስ በ g በከፍታ) ብቻ ተጠቅመሽ በሴኮንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንደሚያስፈልገው አውጪ። እኔ ሳሰላው 153 አካባቢ ይመጣል፣ ብክነቱ ሲታሰብ ከዛ ትንሽ ከፍ ይላል። ይሄን ያለማንም እርዳታ ካገኘሽው 58 ያንቺ ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ ናቹራል ግቢ፣ ባዮሎጂውንም አትጣዪ፣ ክረምቱን ግን የሞተር ካንዴላ ስትፈቺ እንዳትጨርሺው፣ በቀን አንድ የፊዚክስ ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብበሽ ለአባትሽ በአማርኛ አስረጂው፣ እሱ ከገባው አንቺም ገብቶሻል። እና ከሳትሻቸው ስንቱ የቋንቋ ስህተት እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ፣ እኔ ከግማሽ በላይ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።