ከሰውነት መውጣት በልምምድ ይገኛል ወይ? ጫት ላቆመው ወንድማችን

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ነፍስ በልምምድ ከሥጋ ወጥታ እንደምትመለስ በቪዲዮ ሰምተህ፣ ማታ ማታ በጀርባህ ተንጋለህ ትሞክራለህ፤ ከእንቅልፍ በቀር የሚመጣ ነገር የለም። ጫት ካቆምክ ወዲህ ግን ሳትሞክረው ንጋት ላይ ዱካክ ይይዝሃል። ደረትህ ላይ የሚቀመጥ አለ፣ አፍህ አልከፈት ይላል። አንድ ሌሊት ደግሞ ከአልጋው በላይ ተንሳፍፈህ የተከራየኸውን ቤት ጣሪያ በቅርብ አየህ። «ይኼ ነው ወይስ ሌላ? ከሆነስ እንዴት ልቀጥል? ሄጄ ብቀርስ?» ትላለህ።

አዎ፣ እሱው ነው። ማታ ስትለምነው የቀረው ንጋት ላይ ሳትጠራው መጣ። እኔ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ እየኖርኩ ለዓመታት ስለማመደው የቆየሁት ነገር ስለሆነ ከንባብ ብቻ አይደለም የማወራህ። ሰው ዱካክንና «መውጣትን» ለያይቶ አንዱን ለሰይጣን፣ ሌላውን ለብቃት ይሰጣል። እኔ ያየሁት አንድ ደጅ ነው። ታግሎ የነቃው ዱካክ ያዘኝ ይላል፤ ሳይታገል የቆየው ወጣሁ ይላል።

እንቅልፍ በ90 ደቂቃ ገደማ እየዞረ ይሄዳል፤ በየዙሩ መጨረሻ የሕልም እንቅልፍ አለ፤ እሱም ወደ ንጋት ሲቃረብ ይረዝማል። በዚያ ሰዓት ከዓይንና ከመተንፈሻ ጡንቻ በቀር አካል ለአንጎል አይታዘዝም፤ ቢታዘዝማ በሕልማችን በሮጥን ቁጥር ግድግዳ እንመታ ነበር። አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ አካል ገና ሳይለቀቅ ሲቀር ዱካክ ይሆናል። በረጅሙ ልተንፍስ ስትል ደረትህ እሺ ስለማይል የተጫነህ ያለ ይመስልሃል። ፍርሃትን የሚያስነሳው የአንጎል ክፍል በሕልም ጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ በሩ ጋ የቆመ ሰው ይታይሃል። ከጡንቻና ሚዛን ከሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ የሚመጣው መረጃ ሲዛባ ደግሞ አንጎል «አካሌ የት ነው?» ለሚለው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ መንሳፈፉ ይኼ ነው።

ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ2002 ኦላፍ ብላንክ የተባለ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ በጄኔቫ አንዲት የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ሲመረምሩ፣ በቀኝ በኩል ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለውን የአንጎል ቦታ በኤሌክትሪክ ነኩት። ኤሌክትሪኩ ደከም ሲል አልጋው ውስጥ የሰመጠች ወይም ከከፍታ የወደቀች መሰላት፤ ሲጨመር ራሷን ተኝታ ከላይ አየች፤ ያውም እግሯንና የታችኛውን አካሏን ብቻ።

ወደ ጫቱ ልመለስ፤ የአንተ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። እንዲህ ያሉ ማነቃቂያዎች የሕልምን እንቅልፍ ያፍናሉ፤ ሲቆሙ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። በእኛ ከተማ «ጫት ያቆመ ዱካክ አይለቀውም» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ይህን ያወቁ አንዳንድ ልጆች ሆን ብለው ሰንብተው ይቅማሉ፣ ከዚያ አቁመው «መውጫውን» ይጠብቃሉ። ከሀራራ ጋር የሚመጣው ሕልም በአመዛኙ ገደል፣ አባራሪና ሬሳ ነው። በዚያ መንገድ የሚለማመድ ሰው የሚለማመደው ፍርሃትን ነው።

አሁን ስለ ዘዴው። ማታ ስትተኛ መሞከሩን ተወው፤ በዚያ ሰዓት ሰውነት የሚፈልገው ከባዱን እንቅልፍ ስለሆነ ወይ ትተኛለህ ወይ ወገብህን ያምሃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኛና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ በል፤ ስልክ አትክፈት፣ መብራቱም ደብዘዝ ይበል። ከዚያ ተመልሰህ ተኛ። በረመዳን ለሱሁር ተነሥተው መልሰው የሚተኙ ጎረቤቶቼ «በዚህ ወር ሕልሜ ልክ አጣ» ሲሉ ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ ሳያውቁት የሚያደርጉት ይኼንኑ ነው። ለማኅሌት አድረው ጠዋት የሚተኙትም እንደዚያው ይላሉ።

ሁለተኛውን እንቅልፍ ስትጀምር ሐሳብህን አንድ ድምፅ ላይ አሳርፈው። እኛ ጋ በክረምት ከቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚሻል የለም፤ ሳይጮኽ ሳይቋረጥ ይቀጥላልና። በበጋ የራሴን ትንፋሽ እከተላለሁ። ሰውነትህ ከባድ ይሆናል፤ ከዚያ ጆሮህ ውስጥ ወፍጮ የተነሣ የሚመስል ጉምጉምታ፣ ከአናት እስከ እግር የሚሄድ ንዝረት ይመጣል። ልብህ ይመታል። ሁሉም ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑን ይገልጣል ወይ እጁን ያነሣል፣ ያበቃል። አትንቀሳቀስ። የሚታይህ ካለም ይታይ፤ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ራሱ ይወርዳል። ጎረቤቴ አያተል ኩርሲይን ይቀራል፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ ለሁለታችንም ይሠራል።

ንዝረቱ ሲለሰልስ በጡንቻ ለመነሣት አትሞክር። ከአልጋ ላይ እንደሚንከባለል ሰው ወደ ጎን መሆንህን ብቻ አስብ፤ ወይም በሩ አጠገብ ቆመህ እጀታውን የያዝክ ያህል የብረቱን ቅዝቃዜ አስብ። እኔ የተሳካልኝ በመንከባለሉ ነው። ከወጣህ በኋላ ወደ ተኛው ሰውነትህ አትመልከት፤ ወዲያው ይመልስሃል። እጆችህን እያቸው፣ አሻሻቸው፣ ግድግዳውን ዳስስ፤ ይህ ያቆይሃል። ያለዚያ ገና ከደጅ ሳትወጣ ይደበዝዛል።

«ያየሁት እውነት ነው?» ለሚለው ግልጹን ልንገርህ። እኔ ወጥቼ ሳየው የቤቴ ጣሪያ ማገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቤቴ ግን ኮርኒስ አለው፣ ማገር አይታይም። እህቴ ቁም ሳጥኑ ላይ ቁጥር ጽፋ አስቀምጣልኝ ነበር፤ አነበብኩት፣ በደስታ ነገርኳት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነበር። ሱዛን ብላክሞር የምትባል እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ባለሙያም እ.ኤ.አ. በ1970 ተማሪ ሳለች ረጅም «መውጣት» ገጥሟት ነበር፤ በኋላ ስታጣራ ያየቻቸው ጣሪያዎች ከእውነተኞቹ አልገጠሙም። ነፍስ የለችም እያልኩህ አይደለም፤ ያ የንስሐ አባትህ ወይም የኡስታዝህ ጉዳይ ነው። በዚህ መንገድ የምናየውን ግን የሚሠራው የራሳችን አንጎል ነው፤ ስለዚህ የሰው ቤት ገብቼ አየሁ ብለህ ሚስት አትጠርጥር፣ ጎረቤት አትውቀስ። እዚህ የሚቀለድ ይመስልሃል? በዚህ የተጣላ ሰው አውቃለሁ።

ዛሬ በየቪዲዮው የሚዞሩት ዘዴዎች ብዙዎቹ የሚመዘዙት ከአሜሪካዊው ሮበርት ሞንሮ ነው። በሬዲዮ ስርጭት ሥራ ላይ የነበረ ነጋዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ጀመረኝ ይላል፣ በ1971 መጽሐፍ አወጣ። ስለ ንዝረቱና ስለ መንከባለሉ የጻፈው ከእኔ ልምድ ጋር ይገጥማል። የወዲያኛውን ዓለም ካርታ ግን አልወስድለትም። «ሦስተኛ ዓይን እናስከፍታለን» እያሉ በቴሌግራም ገንዘብ ለሚጠይቁህማ አምስት ብር አትላክ።

ቡናውን ነገር ሳልረሳው፤ ጅማ እየኖርክ ቡና ተው ማለት ይከብዳል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግን በአምስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ግማሹ ብቻ ነው ከሰውነት የሚወጣው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እስከ በረካ ከጠጣህ ማታ ስትተኛም አብሮህ አለ። የጠዋቱን ጠጣ፤ የማታውን ጎረቤት ቢቆጣም እምቢ በል።

በሳምንት ከሁለት ሌሊት በላይ አትሞክር፤ በማግስቱ ባጃጅ የምትነዳ ከሆነ ጭራሽ አትሞክር። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ነቅቶ ሳለ ድምፅ የሚሰማው ሰው ይህን ነገር ይተወው። ቀን ቀን እንቅልፍ ድንገት የሚጥልህ፣ ስትስቅ ጉልበትህ የሚከዳህ ከሆነ ደግሞ ልምምድ አይደለም የሚያስፈልግህ፤ ሐኪም ቤት ሄደህ ስለ እንቅልፍህ ተናገር።

«ሄጄ ብቀርስ» ላልከው፦ የሚከብደው መቆየት እንጂ መመለስ አይደለም። አዛን፣ ዶሮ፣ ሽንት፣ የጎረቤት በር፣ ሁሉም ይመልሱሃል።

አንተ ግን ዛሬ አትጀምር። ዱካኩ በየሌሊቱ መምጣቱ እስኪቀንስና እንቅልፍህ እስኪደላደል ጠብቅ፤ እስከዚያው በጎንህ ተኛ፣ በጀርባ መተኛት ያበዛዋል። ሲይዝህም የእግርህን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክር፣ ቶሎ ይለቅሃል። ጫት ካቆምክ ምን ያህል እንደሆነህና ማታ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ከስር ጻፍልኝ፤ ያን አይቼ ከየት እንደምትጀምር እነግርሃለሁ።