ክረምትና ቲማቲም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም በአብዛኛው ስለ ቲማቲም ናቸው። ሁሉንም በየተራ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ቲማቲሙን የሚጨርሰው ዝናቡ ራሱ አይደለም፤ ሳይደርቅ የሚውል ቅጠልና ውሃ የተኛበት ሥር ነው።

ከዘንዘልማ፦ ጋሼ፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ ያቆረ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ ወጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳው እሳት የነካው መሰለ። ምች ነው ይሉኛል። ምን ልርጭ?

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ውጣና የታመመውን ቅጠል ገልብጠህ እየው። በነጥቡ ዙሪያ ነጭና ስስ ሻጋታ ካለ፣ አዎ፣ ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠቃው ያው ምች ነው። ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር ይመቸዋል። ቅጠሉ ግማሽ ቀን ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ለእሱ በቂ ነው። ጎረቤትህ ድንች ካለው ከዚያ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ክፉኛ የተመቱትን ነቅለህ ከማሳው ርቀህ ቅበር። ቦይ ዳር እንዳትጥል። ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መድኃኒት ቀድሞ ሲረጭ ጤነኛውን ቅጠል ይከላከላል እንጂ የታመመውን አያድንም። ሪዶሚል የሚባለው ሌላው መድኃኒት ተክሉ ውስጥ ስለሚገባ ገና ሲጀምር ከደረስክበት ይረዳሃል። ግን እሱን ብቻ ደጋግመህ ከረጨህ በሽታው ይለምደዋል። ረፋድ ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ርጭ። መጠኑንና ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀውን ቀን ማሸጊያው ላይ አንብብ። ይህን አደራ እልሃለሁ፤ ሰው የሚበላው ነገር ነው።

ከፎገራ፦ መሬቴ ዋልካ ነው። ውሃ ውስጥ የቆመ ተክል እንዴት ይጠወልጋል?

ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። አሁን ያለህ አማራጭ በየመስመሩ መሃል ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ከማሳው ማስወጣት ነው። የቦዩ መጨረሻ መውጫ ከሌለው ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ለሚቀጥለው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከል። እውነቱን ልንገርህ፤ ፎገራ ሜዳ ሩዝ የያዘው ክረምት ላይ ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ያን ቦታ ለሩዙ ተውለትና ቲማቲሙን ውሃው ሲሸሽ በመስኖ አልማው።

ከመሸንቲ፦ እኔ ዘንድ ውሃ አይተኛም። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ግን ተክሉ በድንገት ይወድቃል።

ከሥሩ ከፍ ብለህ ግንዱን ቁረጥ። የተቆረጠውን ጫፍ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከጫፉ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከፈሰሰ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። መድኃኒት አትግዛ፣ አይሠራም። ተክሉን ከነሥሩ አውጥተህ አስወግድ። እዚያ ቦታ ላይ ለጥቂት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንችም ሆነ በርበሬ አትትከል፤ በቆሎ ወይም ሌላ እህል ዝራበት። አፈሩ በመቆፈሪያና በጫማ ወደ ጤነኛው መደብ ስለሚሄድ እጠባቸው።

ከሽምብጥ፦ ግቢዬ ውስጥ ጥቂት ተክሎች አሉኝ። ላስቲክ ላልብሳቸው?

አልብሻቸው እህቴ፣ ግን እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ብርድ ልብስ አይሁን። የባሕር ዛፍ እንጨት ወይም ቀርከሃ አቁመሽ ላስቲኩን ከሰው ቁመት ከፍ አድርጊና በአንድ በኩል አዘቅዝቂው። ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን። ዙሪያውን ከዘጋሽው እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ ምችንም ራስሽ ጋበዝሽው ማለት ነው። ተክሉን በእንጨት ደግፊው። መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ደረቅ በሆነ ቀን ልቀሚ፤ ዝናቡ አፈር የሚረጨው እነሱ ላይ ነው። ከላስቲኩ ስር ዝናብ ስለማይደርስ ውሃ ማጠጣት እንዳትረሺ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን።

የጣናው አረም እንቦጭ ተክሉ ሥር ለመጎዝጎዝ ይሆናል?

እኔ አልመክርም። ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ጎርፍ ወስዶ መልሶ ጣና ይከተዋል። የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ይበቃል።

ሮማ ቪኤፍ የሚባለው የቲማቲም ዝርያ ምች ይችላል?

አይችልም። ቪኤፍ የሚሉት ፊደላት ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን ሁለት የአጠውልግ በሽታዎች እንደሚቋቋም ነው የሚናገሩት።

ዝናብ እያለ ዩሪያ ልጨምር? ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

ቦዩን አስተካክል፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ጨምር። አንዴ ከከመርከው ግማሹን ጎርፍ ይወስደዋል፤ የቀረው ደግሞ ምች የሚወደውን ለጋ ቅጠል ያበዛብሃል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ መቼ ልትከል?

ችግኙን ነሐሴ መጨረሻ ከላስቲክ ጣሪያ በታች አፍላ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል፤ ያኔ መስከረም አልቆ ዝናቡም እየወጣ ነው። ክረምት ላይ ገበያው ውድ ስለሆነ ብቻ የምትቸኩል ከሆነ ግን ጣሪያ ልትሠራ በምትችልበት ስፋት ልክ ብቻ ትከል።