ጓቲማላ ከመሄድሽ በፊት ከየት ትጀምሪ?

መካከለኛው አሜሪካ ወዳለችው ጓቲማላ ለሁለት ሳምንት ልትሄጂ ብዙ መጻሕፍት አውርደሽ ከየት እንደምትጀምሪ ግራ እንደገባሽ ነግረሽኛል። ለዚህ ጉዞ ያወረድሻቸውን መጻሕፍት በሙሉ ማንበብ አያስፈልግሽም። ግራ የተጋባሽው ከታሪኩ ስለጀመርሽ ይመስለኛል። ከከፍታ ካርታው ጀምሪ፤ ሻንጣሽም በዚያው ይስተካከላል።

1. የአንቲጓ ከተማ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀን ሞቅ ይላል፣ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። የኬትሳልቴናንጎ ከተማ (ሰዉ "ሼላ" ነው የሚላት) ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዷ የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት ያስታውስሻል። የጥንት ማያዎች (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ከተማ የነበረችው የቲካል ፍርስራሽ ያለበት የፔቴን ክልል ግን ቆላ ነው።

2. ከታሪኩ ሁለት ነገር ያዢ። ማያዎች የጥንት ሕዝብ ብቻ አይደሉም፤ ዛሬም ከ20 በላይ በሆኑ ቋንቋዎቻቸው ይናገራሉ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ ማያዎች ናቸው፤ ራሳቸው ካላነሱት አንቺ አታንሺው።

3. በስፓኒሽ ቢያንስ ቁጥር ልመጂ። ገበያም አውቶቡስም ያለ ቁጥር አይሆንም። አውቶቡሶቹ ቀለም የተቀቡ የአሜሪካ አሮጌ የተማሪ ሰርቪሶች ናቸው፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ጓቴ! ጓቴ!" (ወደ ጓቲማላ ሲቲ ማለቱ ነው) ሲል የእኛ ታክሲ ረዳት መስሎኝ ስቄያለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱም የሚሠራው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እኔ በመጨረሻው ሳምንት ተከትቤ ቲኬት ለማራዘም ተጨማሪ ከፍያለሁ። መጽሐፉን ተዪና ነገ ተከተቢ።