በ57 ዓመት ወደ ካያክ (ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) መመለስ ይቻላል ወይ? (መልስ)

«በወጣትነቴ ጣና ላይ እቀዝፍ ነበር፤ አሁን 57 ሞላኝ። ካያክ ብጀምር ትከሻዬ ይችለኛል?» ላሉት ወንድሜ።

ይችልዎታል። እኔ የተመለስኩት በ61 ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሆንኩ! በክንዴ ብቻ ስጎትት ውዬ፣ ማታ እንጀራ ለመቁረስ እጄ እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የዕድሜዬ አልነበረም፤ የአቀዛዘፌ ነው። ካያክ የሚቀዘፈው በወገብ ነው። እግርዎን አጥብቀው ያስደግፉ። መቅዘፊያውን ከእግርዎ ጣቶች አጠገብ ውኃ ውስጥ ይንከሩና ደረትዎን ያዙሩ። ዳሌዎ ጋ ሲደርስ ያውጡት። ከዚያ አልፎ መጎተት ትከሻን መግደል ነው።

የለመዱት የደንገል ታንኳ ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ። ጠባብ ካያክ በቀላሉ ይገለበጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ዳር ላይ፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ ወድቆ መልሶ መውጣትን ይለማመዱ። ያሳፍራል እንዳይሉ፤ እኔ ሕፃናት እያዩኝ አራት ጊዜ ወድቄያለሁ። ላይፍ ጃኬት ሳያስሩማ አይሞክሩት።

ጠዋት በማለዳ ይውጡ። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ሞገዱም ቀልድ አያውቅም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ደንገሉን ተጠግተው አይቅዘፉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ቢልሃርዚያ፣ ውኃ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው በሽታ። ዳር ዳሩን ባዶ እግርዎን ብዙ አይቁሙ። ከቀዘፉ ከጥቂት ወራት በኋላም ይመርመሩ፤ መድኃኒት አለው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል። ኮፍያ አይርሱ።