ግድግዳ፣ የመኪና ማቆሚያ እና ይሉኝታ፦ ስለ አካል ጉዳተኛ ተከራዮች መብት የቀረቡ ጥያቄዎች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። መነሻችን እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውና «ፌር ሃውሲንግ አክት» የሚባለው የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ነው። አካል ጉዳተኞችን ያካተተው በ1988 ሲሻሻል ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የመደገፊያ ብረት ላስገጥም ብል አከራዩ «ግድግዳዬ አይበሳም» አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መከልከል አይችልም። ወጪው ግን የእርስዎ ነው፤ ቤቱ የፌደራል ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ባለቤቱ ይሸፍናል። ሲለቁ ብረቱን እንዲነቅሉና ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ሊጠይቅዎት ይችላል። ብረቱ እንዳይላቀቅ ግድግዳው ውስጥ የገባው ማጠናከሪያ እንጨት ግን እዚያው ይቀራል፤ የሚቀጥለውን ተከራይ አያውክም።

ጥያቄ፦ አባቴ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ከበሩ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ብንለምን «ቀድሞ የደረሰ ያቆማል» ተባልን።

መልስ፦ «ብንለምን» አይበሉ፣ ወንድሜ፤ የጠየቃችሁት መብታችሁን ነው። ከአቅም በላይ ወጪ ወይም ጫና እስካላመጣበት ድረስ አከራዩ ደንቡን ለአካል ጉዳተኛ ማላላት አለበት። የእኔም አባት ሦስት ክረምት ሙሉ በረዶ የጋገረበትን ግቢ በምርኩዝ ሲያቋርጡ አይቻለሁ፤ «ለምን ሰው አስቸግራለሁ» እያሉ። በአራተኛው ክረምት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ በሳምንቱ የቤታችን ቁጥር በሩ አጠገብ አስፋልቱ ላይ ተቀባ። በቃል መጠየቅም በሕግ ይቆጠራል፤ ደብዳቤ ግን ቀን አለው፣ «አልሰማሁም» አይባልበትም።

ጥያቄ፦ «ሕመምህ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ጉዳትዎ በዓይን የማይታይ ከሆነ የጠየቁት ነገር እንደሚያስፈልግዎ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል እንጂ የሕክምና መዝገብዎን የማየት መብት የለውም።

ጥያቄ፦ እኔ ላይኛው ፎቅ እየኖርኩ ምድር ቤቱን አከራያለሁ። ሕጉ ይመለከተኛል?

መልስ፦ ባለቤቱ የሚኖርበትና ከአራት ያልበለጡ መኖሪያዎች ያሉት ቤት ከፌደራሉ ሕግ አብዛኛው ክፍል ነፃ ነው። «አካል ጉዳተኛ አንቀበልም» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ግን እርስዎንም ያስጠይቃል። የአካባቢዎ ሕግ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም። በአከራዬ ላይ ባመለክት ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ሕጉ የሚጠብቀው ማንኛውንም ሰው ነው፤ ስላመለከቱ መበቀልም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። «ሃድ» ለሚባለው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል፤ ለፍርድ ቤት ደግሞ ሁለት ዓመት አለዎት። የሚቆጠረው በደሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው።