መልስ፦ በሰውነት በኩል የሚሰጠው ሕክምና ለታናሽ እህቴ ይረዳታል?

እህቴ፣ ታናሽሽ ከአረብ ሀገር ከተመለሰች ወዲህ በር ሲንኳኳ እንደምትደነግጥ፣ ሌሊትም እንቅልፍ እንደሌላት አነበብኩ። አይዞሽ። በሰውነት በኩል የሚሰጠውን ሕክምና እኔም ከመኪና አደጋ በኋላ ሞክሬዋለሁ።

ባለሙያዋ አደጋውን ተርኪልኝ አላለችኝም። «እግርሽ ወለሉን ሲነካ ምን ይሰማሻል?» ብቻ ነበር ያለችኝ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ እንደከረመ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀስ እያለ ሲወርድ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይነሳል፤ ሁለቱም ካልሆነለት ድርቅ ይላል። የሰው ቤት ተዘግቶባት የኖረች ልጅ ወዴት ትሸሻለች? አደጋው ካለፈም በኋላ ጡንቻውና ልቡ እንደተወጠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። አሜሪካዊው ፒተር ሌቪን «ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ» የሚባለውን ዘዴ የሠራው ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እስራኤል ውስጥ በዚህ ዘዴ በ63 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት መሻሻል አሳይቷል፤ ጥናቱ ግን ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለእንዲህ ያለ ችግር እንዲሰጡ ካላቸው ሕክምናዎች መካከል ያለው በዓይን እንቅስቃሴ የሚሰጠው ኢኤምዲአር ስለሆነ፣ እሱን የሚሰጥ ካገኘሽ ከእሱ ጀምሪ።

እስከዚያው አታስተርኪያት። የቡና ስኒ በሁለት እጇ ይዛ ሙቀቱን ታዳምጥ። በረጅሙ ትንፋሽ የመሳብ ልምምድ የሚያስጨንቃት ከሆነ ይቅርባት። ጠበል የምትሄድ ከሆነም ከሕክምናው ጋር አይጋጭም። ስለ መሞት ካወራች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ አዲስ አበባ ካላችሁ ዛሬውኑ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰጃት።